ለግንባታ ሠራተኞች ነጻ የጤና ምርመራ እንዴት ይዘጋጃል?

አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማራን ሠራተኛ እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ ማስመርመር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአሠሪው ላይ የተጣለ ግዴታ በመሆኑ፣ ምርመራው «ነጻ» የሚባለው ለሠራተኛው ነው። ከሥራ ተቋራጩ ጋር የሚደረገው ንግግር ከዚህ ይጀምር፤ የዕለቱ ክፍያ እንደማይቆረጥም አስቀድሞ በጽሑፍ ይረጋገጥ፤ አለዚያ የቀን ሠራተኛ አይመጣም።

ቀጥሎ ሰዓቱን መምረጥ ነው፤ እኔ የተሳሳትሁትም እዚህ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ግንባታ ላይ የመጀመሪያውን ምርመራ ስናዘጋጅ፣ ባለሙያዎቹ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው እስኪደርሱ ሥራው እንዳይስተጓጎል ብዬ ከሰዓት በኋላ አደረግሁት። ሠራተኞቹ ጠዋቱን ሙሉ ኮንክሪት በጃክሃመር ሲሰብሩ ቆይተው፣ አቧራው ከቅንድባቸው ሳይራገፍ ለመስማት ምርመራ ተሰለፉ፤ የአብዛኞቹም ውጤት መጥፎ ሆነ። ከከባድ ጩኸት የወጣ ጆሮ ለሰዓታት ይደነዝዛል፤ መሣሪያው ደግሞ ይህን ጊዜያዊ ድንዛዜ ከዘላቂ ጉዳት አይለይም። ቢያንስ 14 ሰዓት ከጩኸት መራቅ ስለሚያስፈልግ፣ ከእሑድ ዕረፍት በኋላ ሰኞ ማለዳ፣ ሥራ ሳይጀመር ሁሉንም ደገምነው። የመስማት ምርመራው ክፍል ከጄኔሬተር ይራቅ። መስማትን በስልክ መተግበሪያ እንለካለን ለሚሉት እኔ በበኩሌ ጆሮ አልሰጥም።

በምዝገባ ጊዜ «ምን ያምሃል?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «ምንም» ነው። «ድንጋይ ጠርበሃል? ሴራሚክ በግራይንደር ውኃ ሳታደርግ ትቆርጣለህ? ስንት ዓመት?» ማለት ይሻላል። ከድንጋይና ከሴራሚክ በሚወጣው የሲሊካ አቧራ የሚመጣው የሳንባ ጠባሳ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በኋላ ስለሚታይ፣ የደረት ራጅ ቅድሚያ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ይህ መልስ ነው። አቧራው ለሳንባ ነቀርሳም ስለሚያጋልጥ፣ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ራጁን ሳይጠብቅ ለአክታ ምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

የትንፋሽ መለኪያውን አንድ ጊዜ ነፍቶ መሄድ ዋጋ የለውም። ሠራተኛው አየር እስከ መጨረሻው ስቦ፣ ከንፈሩን ቱቦው ላይ ገጥሞ፣ በሙሉ ኃይሉ ቢያንስ ለ6 ሰከንድ ሳያቋርጥ ይነፋል፤ ትክክለኛ የሆኑ 3 ሙከራዎች እስኪገኙም ይደገማል። ከባለሙያው ማብራሪያ ይልቅ ተራ የሚጠብቁት ጓደኞቹ «ጨምር! ጨምር!» ሲሉት የተሻለ ሲነፋ አይቻለሁ።

የደም ግፊት፣ የዓይንና በሲሚንቶ የተቆጣ ቆዳ ምርመራ በተለመደው መንገድ ይከናወናል።

ውጤቱ በታሸገ ፖስታ ለሠራተኛው በእጁ ይሰጥ፤ በካቦው በኩል ፈጽሞ አይለፍ። ለድርጅቱ የሚደርሰው በየሥራው ዓይነት ስንት ሰው እንደተጎዳ የሚያሳይ፣ ስም የሌለበት ዝርዝር ብቻ ነው።