የአዮዲን ጨው ከገበያ እስከ ወጥ፦ አዮዲኑ መንገድ ላይ እንዳይቀር ምን እናድርግ?

ወሎ ደጋ ላይ ላደገ ሰው እንቅርት እንግዳ ነገር አይደለም። ገበያ ስንወጣ አንገታቸው ያበጠ እናቶች እናያለን፤ ለምደነው እናልፋለን። እንቅርት በብዛት የሚመጣው አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ከምግባችን ሲያንስ ነው፤ ነገሩ የሚጀምረውም ከአፈሩ ነው። ዝናብ ለዘመናት ተራራውን እያጠበ ሲወርድ አዮዲኑንም ይዞት ወርዷል። አፈሩ ላይ ከሌለ ደግሞ ስንዴውም፣ ባቄላውም፣ የላሟ ወተትም በቂ አይኖረውም። የባሕር ምግብ የለን። የቀረን ጨው ነው።

ግን አዮዲን ያለው ጨው ገዝተን አዮዲን የሌለው ወጥ ልንበላ እንችላለን። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን ዩክሬን ውስጥ ወዳለው ቸርኖቤል ልውሰዳችሁ። ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. የኑክሌር ጣቢያው ሲፈነዳ ከወጡት ነገሮች አንዱ አዮዲን 131 የሚባለው ጨረር ያለው አዮዲን ነው። ሣር ላይ አረፈ፣ ላም በላችው፣ ወተቱን ልጆች ጠጡት። አንገታችን ላይ ያለው የእንቅርት ዕጢ (ታይሮይድ) አዮዲንን ከደም እየለቀመ ነው የሚሠራው፤ ጨረር ያለውንና የሌለውን አይለይም። ከጠገበ ብዙ አይስብም። ከተራበ ያገኘውን ሁሉ ይወስዳል። በአካባቢው ደግሞ ቀድሞም የአዮዲን እጥረት ነበር። በቤላሩስና በሩሲያ ልጅ ሳሉ ለጨረሩ በተጋለጡ ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት፣ አዮዲን ባነሰባቸው ቦታዎች ጨረሩ የሚያመጣው የዕጢ ካንሰር ስጋት በ3 እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። እዚህ እኛ ጋ የጨረር አደጋ አለ ማለቴ አይደለም። ዕጢን አስርቦ ማቆየት ግን አደጋ በሌለበትም ዋጋ ያስከፍላል፤ በተለይ በእርግዝና ጊዜ የልጁን አእምሮ ይጎዳል።

አሁን ወደ ሥራው።

ስንት ያስፈልገናል? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይላል። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 120። ጨውን በተመለከተ ደግሞ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃዋል፤ ይህ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። በኪሎ 30 ሚሊግራም አዮዲን ያለው ጨው 5 ግራሙ በትክክል 150 ማይክሮግራም ይሰጣል። አዮዲኑ በየቦታው እየባከነ ጨዉ ግማሹን ካጣ ግን 75 ብቻ ነው የሚቀረን። ስለዚህ መፍትሔው ጨው ማብዛት ሳይሆን ያለውን አለማባከን ነው።

ግዢው ቀላል ነው። የታሸገ፣ አዮዲን እንዳለው የተጻፈበት፣ ማሸጊያው ያልተቀደደና ያልረጠበ። ሰኞ ባቲ ገበያ ከጆንያ እየተሰፈረ የሚሸጠው ልቅ ጨው ርካሽ ነው፣ አውቃለሁ። አሞሌም ለከብት ይሁን። ለቤት ግን የታሸገውን ውሰዱ። ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በመንግሥት ደንብ የተደነገገው ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ ሻጩን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የተጻፈውን ማመን ካቃታችሁ መፈተሽ ይቻላል። ለዚህ የተሠራ በትንሽ ጠርሙስ ያለ ጠብታ አለ፤ ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠይቁ። አንድ ማንኪያ ጨው ሳህን ላይ አድርጋችሁ ጠፍጠፍ አድርጉትና አንድ ጠብታ ጣል አድርጉበት። አዮዲን ካለው ነጩ ጨው ዓይናችሁ እያየ ሐምራዊ ይሆናል። ቀለሙን ሳይቆይ አብሮት ከመጣው የቀለም ወረቀት ጋር አስተያዩት። ምንም ካልታየ ገና አትፍረዱ። አንዳንድ ጨው ባሕርዩ ቀለሙን ይከለክላል፤ ለዚያ ሁለተኛ ጠርሙስ አለ። ከአዲስ ጨው ላይ መጀመሪያ ያንን፣ ቀጥሎ የፊተኛውን ጠብታ አድርጉ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የመጠቀሚያ ጊዜም እዩ። ጠብታው አለ ወይም የለም ይላል እንጂ ልክ መጠኑን አይነግርም፤ ያ የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

ድንችና ሎሚ በመጠቀም ቤት ውስጥ ፈትሹ የሚሉ ቪዲዮዎች አሉ። እኔ አላምናቸውም። እኛ ጨው ላይ የሚጨመረው ፖታሲየም አዮዴት የሚባል የአዮዲን ውህድ ነው። ድንች ውስጥ ካለው ስታርች ጋር ቀለም የሚሰጠው አዮዲኑ ከዚያ ሲላቀቅ ነው፤ ጠብታው ውስጥ የሚያላቅቀው ኬሚካል አለ፣ ድንቹ ውስጥ የለም። ደህናውን ጨው የለውም ብላችሁ ትጥሉታላችሁ።

አቀማመጥ፦ ክዳኑ የሚገጥም ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ፣ ከምድጃ ራቅ፣ ከፀሐይ ዘወር። እርጥብ ማንኪያ አታስገቡ። አፈር አለው ተብሎ ጨው ማጠብ ወይም ፀሐይ ላይ ማስጣት አዮዲኑን በገዛ እጅ መድፋት ነው።

ዋናው ፈተና ድስቱ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ቤት ጨው የሚገባው ከቁሌቱ ጋር ነው። ሽንኩርቱ ቶሎ ይበስላል ይባላል፣ ደግሞም እናቶቻችን እንዲያ ነው ያሳዩን። ያ ጨው ከዚያ በኋላ በርበሬው እስኪበስል፣ ሥጋው እስኪለሰልስ ድረስ አብሮ ይንተከተካል፤ አዮዲኑም በእንፋሎቱ ይቀንሳል። የሚሻለው ወጡ ሊወርድ ሲል ጨው ነስንሶ፣ አማስሎ፣ ከድኖ ጥቂት ማቆየት ነው። ለሽሮም ለምስርም ያው። ጣዕሙ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይለያል፤ ምላስ ይለምደዋል። እማማ "ጨው ያልበሰለበት ወጥ ጥሬ ጥሬ ይላል" ቢሉ አትከራከሩ፤ አንድ ቀን ሳትናገሩ ሠርታችሁ አቅምሷቸው።

ይሄን ያደረገ ሰው ግን ሌላ ነገር ይገጥመዋል፦ በርበሬው። ዓመቱን የሚያደርሰው በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው አብሮ ይገባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይፈጫል። አዮዲን የሌለው ጨው ከሆነ ምንም የለውም፤ ያለው ቢሆንም ፀሐዩና ወራቱ ሲጎዱት ይቆያሉ። ወጡ በዚያ በርበሬ ቀድሞ ስለሚጣፍጥ መጨረሻ ላይ የአዮዲን ጨው የምትጨምሩበት ቦታ አይኖርም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዝግጅት ጨዉን ከበርበሬው አስቀሩት። በርበሬውን በደንብ አድርቁት፣ እርጥበት በማያገኘው ዕቃ አስቀምጡት። የዘንድሮው ቀድሞ ከተፈጨ በአልጫው፣ በሽሮውና በጎመኑ ማካካስ ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የአዮዲን ጨው የጨረር መድኃኒት አይደለም። ከቸርኖቤል በኋላ ፖላንድ 10.5 ሚሊዮን ለሚሆኑ ልጆች የሰጠችው ፖታሲየም አዮዳይድ የሚባል ብዙ አዮዲን ያለው መድኃኒት ነው። የአዋቂ አንድ እንክብል 130 ሚሊግራም ሲሆን 100 ሚሊግራም ያህል አዮዲን አለው። ያንን በኪሎ 40 ሚሊግራም ካለው ጨው ለማግኘት ሁለት ኪሎ ተኩል ጨው መብላት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የጃፓኑ የፉኩሺማ ኑክሌር ጣቢያ ሲፈነዳ ቻይና ውስጥ ሰዉ ጨው ሊገዛ ተሻምቶ ነበር፤ ገንዘባቸውን ነው ያባከኑት። እንክብሉም ባለሥልጣን ውሰዱ ሲል የሚወሰድ ነው፣ በየቀኑ አይደለም።

ቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለች ጨው አብዝታ እንድትበላ አታድርጉ፤ ስለ አዮዲን ለክትትል ስትሄድ ትጠይቅ። አንገቱ ላይ የቆየ እብጠት ያለበት ሰው ደግሞ ጨው ለውጦ ብቻ እንዳይቀመጥ። በተለይ ጉብታው ከደነደነ፣ መዋጥ ካስቸገረ ወይም ድምፅ ከጎረነነ ጊዜ ሳይሰጥ ሐኪም ይየው።