ጣውላ ሲገዙ ሻጩ የሚያውቀውን እርስዎም እንዲያውቁ

መርካቶ ጣውላ ሊገዙ ሲሄዱ ሻጩ እንጨቱ መቼ እንደተቆረጠ፣ ከየት እንደመጣና ስንት ወር እንደደረቀ ያውቃል፤ እርስዎ የሚያዩት ግን የተደረደረውን ጣውላ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ራስዎ ይለኩ፣ ይመዝኑ።

ሒሳቡ በፍሬ ይሁን በሜትር ኩብ አስቀድመው ይጠይቁ። 4 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው የተባለ ጣውላ 50 ፍሬው አንድ ሜትር ኩብ ይሞላል። ስፋቱ 19፣ ውፍረቱ 2.2 ሆኖ ከተገኘ ግን ወደ 60 ፍሬ ያስፈልጋል፤ በ50 ፍሬ ሒሳብ የከፈለ ሰው ከስድስት እጅ አንዱን አጥቷል ማለት ነው። ውፍረቱን መሃል ላይም ይለኩ።

ከሁሉ የሚከብደው «ደረቅ ነው» የሚለው ቃል ነው። እንጨት መኮማተር የሚጀምረው እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ሲሆን፣ ለቤት ዕቃ የሚፈለገው ከ8 እስከ 12 በመቶ ነው። እኔ በነሐሴ ያሠራሁት የዋንዛ በር ያኔ ጥብቅ ብሎ ይዘጋ ነበር፤ በጥር ግን በሳንቃዎቹ መካከል ሳንቲም የሚያሾልክ ክፍተት ተፈጠረ። የሻጩን ቃል ከማመን በቀር ምንም አላጣራሁም ነበር።

የእርጥበት መለኪያ ከሌለዎት መጀመሪያ አንድ ፍሬ ብቻ ይግዙ። ጫፉ ቶሎ ስለሚደርቅ ያሳስታልና፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብለው ትንሽ ቁራጭ ያስቆርጡ፤ ወዲያው መዝነው በ103 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁት። 130 ግራም የነበረው 100 ግራም ላይ ከቆመ፣ እርጥበቱ ከደረቁ ክብደት 30 በመቶ ነበር፤ ያ ጣውላ ለበር አይሆንም። ደረቅ መሆኑን ካረጋገጡ ግን ጨምረው ቢከፍሉ ተገቢ ነው፤ ገዢው ለደረቁም ለእርጥቡም አንድ ዋጋ የሚሰጥ ከሆነ፣ ወራት ጠብቆ ያደረቀው ነጋዴ ከስሮ ይወጣል።

የዛፉን ዓይነት ለመለየት የላይኛውን ቀለም አይመኑ፤ ጠርዙን በመላጊያ አስልገው ያሽትቱት፣ የአበሻ ጥድ በመዓዛው ይታወቃል። ዋንዛ፣ ዝግባ ወይም ኮሶ ከሆነ ደግሞ የማጓጓዣ ፈቃዱን ይጠይቁ። በመጨረሻም ደረሰኙ ላይ የዛፉ ዓይነት፣ ራስዎ የለኩት ልክና የፍሬው ብዛት ይጻፍ፤ ሻጩ «ደረቅ» የሚለውን ቃል ለመጻፍ ካልፈቀደ፣ ጣውላውን እንደ እርጥብ ቆጥረው ይደራደሩ።