ትልቁ የጎማ አሳ ከነክሩ ሲበር፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሐይቅ በሚባለው የወሎ ሐይቅ ዳር ዘንግ ይዞ ለሚቆም ሰው ነው። መንጠቆ ማሰር፣ ክር መጠቅለል፣ ድራግ (አሳ ሲጎትት ክር የሚለቀውን የሪሉን ፍሬን) ማጥበቅና ማላላት ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር። የማወራው ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ስለሚያመጣቸው፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ ስለሚዋኙ ትልልቅ የጎማ አሳዎች ነው። የተሠሩት ባስ ለሚባል የአሜሪካ አሳ ነው። ክብደታቸው ከ60 ግራም አካባቢ ይጀምርና አንዳንዱ 200 ይደርሳል። እኛ እጅ ያለው ዘንግ ደግሞ አብዛኛው ለቀላል ነገር የተሠራ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሲወረወር ክሩ ይበጠሳል

ሰው ሪል፣ ማለት የዘንጉን ክር መጠቅለያ፣ ላስጠግን ብሎ ይዞልኝ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ ይሄ ነው። "ወረወርኩት፣ ጧ አለ፣ አሳው ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል በረረ።" ከዚያ ሪሉን ይረግማል። ሪሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት የለበትም።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የተበጠሰውን ጫፍ ነው። ሰዉ ደግሞ ቆርጦ ጥሎት ይመጣል። አትጣሉት! ወሬው ያለው እዚያ ጫፍ ላይ ነው።

ጫፉ ተጠማዞ ተጠቅልሎ ከቀረ ቋጠሮው ተንሸራቶ ተፈቷል። በተለይ የተጎነጎነ ክር ያንሸራትታል። ክሩን አጥፋችሁ በድርቡ እሰሩ፤ ፓሎማር የሚባለው ቋጠሮ ጥሩ ነው። በቀጥታ ጎማው ላይ ሳይሆን ጠንካራ የብረት ማያያዣ ላይ እሰሩት። ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ናይሎን በደረቁ ሲጠብቅ ይሞቅና እዚያው ይዳከማል። ትርፉንም ከሥሩ አትቁረጡት፤ ጥቂት ሚሊሜትር ተዉለት።

ጫፉ ቀጥ ብሎ በንጹህ ከተቆረጠ ሁለት ተጠርጣሪ አለ። አንዱ ክሩን የሚመልሰው የሽቦ ክንድ ነው። ስትወረውሩ በመሀል ራሱን ከዘጋ ክሩ በድንገት ይያዛል፤ 100 ግራም ደግሞ በአየር ላይ ቁም ሲሉት አይቆምም። ቤት ውስጥ ሞክሩት። ምንም ሳታስሩ የሽቦውን ክንድ ክፈቱና ዘንጉን በኃይል ወንጭፉት። ራሱን ከዘጋ ስፕሪንጉ ደክሟል። አንድ የኮምቦልቻ ልጅ አጎቱ የላከለትን የጎማ አሳ በአንድ ጠዋት ተራ በተራ ሐይቁ ውስጥ ጨረሰው። በተበጠሰ ቁጥር ክር ያወፍራል። ሪሉን ስከፍተው ስፕሪንጉ የስክሪብቶ ነው! አንድ "ጠጋኝ" ነው ያስገባለት። አብሽር አልኩት፣ ግን አጎቱ ሁለተኛ መላኩን እንጃ። የስክሪብቶ ስፕሪንግ ለስክሪብቶ ነው። ትክክለኛው ካልተገኘ ከተሰበረ ተመሳሳይ ሪል አውጡ እንጂ በግምት አትግጠሙ።

ሌላው ተጠርጣሪ የዘንጉ ቀለበት ነው። ውስጡ ከተሰነጠቀ ክሩን እየፋቀ ይቆርጠዋል። ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል። ጥጥ በየቀለበቱ ውስጥ አሳልፉ፤ ጥጡን የያዘው ቀለበት ይቀየራል። ሱፐር ግሉ አትቀቡት፣ እባካችሁ። ዘንግ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ከበግ ጋር አስሮ የሐረጎን ዳገት የሚወጣ ሰው ቀለበቴ ተሰነጠቀ ብሎ ቢገረም እኔም በእሱ እገረማለሁ።

ጫፉ ሳስቶ ከተቦጫጨረ ድንጋይ ነክቶታል። የመጨረሻዋን 2 ሜትር በጣት እየዳሰሳችሁ፣ ሻካራ ከሆነች ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ። ክር ቆጥቦ አሳውን የሚከስር ሰው ብዙ ነው።

ከጫፉ ሳይሆን ከመሀል ተበጥሶ ብዙ ሜትር ክር አብሮ ከሄደ፣ ክሩ ማጠንጠኛው ላይ ላላ ብሎ ተጠቅልሏል ወይም ከልክ በላይ ሞልቷል። የላላው ክር ቋጠሮ ሠርቶ ይወጣና ቀለበት ላይ ይያዛል። ከማጠንጠኛው ጠርዝ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ሙሉት። ስትጠቀልሉ በእርጥብ ጨርቅ ያዝ አድርጉት። ከወረወራችሁ በኋላ የሽቦውን ክንድ በእጅ ዝጉና ክሩን ሳብ አድርጋችሁ ወጥሩት። እጀታውን በማዞር ብቻ የሚዘጋ ሰው ይህን ችግር ራሱ ነው የሚያመርተው።

ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ ክሩ ራሱ ውሸታም ነው። ገበያ ላይ 20 ኪሎ ይችላል ተብሎ የተጻፈበት፣ ግማሹንም የማይችል ክር ሞልቷል። መለኪያው ቤታችሁ አለ፤ ጀሪካን። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። ክሩን ጀሪካኑ ላይ እሰሩ፣ ከወለሉ ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጉት፣ ውሃ እየጨመራችሁ የሚበጠስበትን እዩ። እግራችሁን ከሥሩ አርቁ። ክሩን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ፤ የተጎነጎነ ክር ጣት እስከ አጥንት ይቆርጣል። በዱላ ጠምጥማችሁ አንሱ።

የዘንጉንም ጽሑፍ አንብቡ። ሁለት ዓይነት ቁጥር አለው። በፓውንድ የተጻፈው የክሩ ጥንካሬ ነው። በአውንስ ወይም በግራም የተጻፈው የሚወረወረው ክብደት ነው። 1 አውንስ 28 ግራም ያህል ነው። "20 ይላል፣ ይችላል" እያለ 20 ፓውንዱን ይዞ 150 ግራም የሚወረውር አለ። ያ ዘንግ ከተሰበረ ዋስትና አይጠይቀኝ።

ከመወርወራችሁ በፊት ወደ ኋላ ዙሩ። ሐይቅ ዳር ልጆች ከኋላ መጥተው ይቆማሉ። ሦስት አፍ ያለው መንጠቆ ከ100 ግራም ጋር ሲበር ቀልድ አይደለም። መነጽር አድርጉ። ልጆቹን አርቁ። አልርቅ ካሉ አትወርውሩ።

ድራጉ አጥብቄውም ክር ይለቃል

ድራጉ ደህና ሊሆን ይችላል። የተጎነጎነ ክር በለስላሳ ማጠንጠኛ ላይ ባዶውን ሲጠቀለል፣ ክሩ በሙሉ ባለበት ይሽከረከራል። መጀመሪያ ጥቂት ዙር ናይሎን ጠቅልላችሁ የተጎነጎነውን በላዩ ቀጥሉ። ድራጉ ውስጥ ዘይት ያፈሰሰ ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ውስጡ ያሉትን ዋሸሮች መቀየር ነው።

አሳው በጎኑ ተኝቶ ይዋኛል

ሻንጣ ውስጥ ተጣጥፎ መጥቷል፣ ወይም መንጠቆው መሀል ላይ አልገባም። መንጠቆውን አስተካክሉ። ጎማውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆዩት፣ ቀጥ አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ውስጥ ክተቱት። ሕፃናት በማይደርሱበት፣ ወጥ በማይሠራበት ድስት!

ምንም አይነክስም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሐይቅ ውስጥ ባስ የለም። የምትጠብቁት አዳኝ አምባዛ ነው። አምባዛ ደግሞ ከዓይኑ ይልቅ ጢሙንና ሽታን ያምናል፣ ጨለማም ይወዳል። ቀትር ላይ ጎማ እየጎተቱ "አሳ የለም" ማለት አይሠራም። ሲመሽ ሂዱ። ከሥር፣ ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱ። ቀለሙም ቆሮሶ (ቲላፒያ) ይምሰል። ሮዝና አረንጓዴ የሆኑት ጎማዎች የተሠሩት ካሊፎርኒያ ውስጥ ባሱ የሚበላውን ትራውት የሚባል አሳ አስመስለው ነው፤ ትራውት ደግሞ ሐይቅ ውስጥ የት አለ? ካልሆነ የዶሮ አንጀት መንጠቆ ላይ አድርጉና ጎማውን ለሌላ ቀን አቆዩት።

"ታዲያ ባስ አምጥተን ለምን አንጨምርም?" የሚሉኝ አሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ የአሜሪካ ባስ ተጨምሮ ነበርና ያንን ይጠቅሳሉ። እኛ ጋ ቆሮሶውም ቢሆን በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው ሐይቅ የገባው፣ እሱም እንደ አውሮፓውያን። ዛሬ ሰው የሚበላው እሱን ነው። ባስ ትንንሽ አሳ በጎማ ሳይሆን በእውነት ይበላል፤ የመጀመሪያው ምሳ የቆሮሶ ጫጩት ይሆናል። በባልዲ የሚደረግ ነገር አይደለም። ይልቅ ያለውን እንያዝ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቷን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ አፏ ሞልቶ ከወጣች በቶሎ መልሷት። በክረምት አምባዛው ሊራባ ወደ ጥልቀት የሌለው ውሃ ሲወጣ ትልልቆቹን ልቀቁ። ስትይዙት ከጎን ክንፉ ያለውን እሾህ ተጠንቀቁ፣ ይወጋል።

ነክሶ አይያዝም

ጭራውን ብቻ እየነከሰ ነው። ወደ ኋላ አንድ መንጠቆ ጨምሩ፣ ስለቱንም ጥፍር ላይ ሞክሩት፤ ከተንሸራተተ ደንዝዟል።

ጎማዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ቀለጡ

ዓይነታቸው የተለያየ ነው። ለየብቻ በመጡበት ላስቲክ አስቀምጧቸው። የተበጠሰውን ክር ደግሞ ሰብስባችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱ፤ ሐይቅ ዳር ከተጣለ ወፍ እግሩን ያስርበታል፣ ከብትም ከሣሩ ጋር ይውጠዋል።