«ነፋስ» የሚለው ቃል እንዳያሳስተን፦ ስለ ፀሐይ ነፋስና ስለ ጨረቃ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ አካባቢ የማስተምራቸው ልጆች አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። «የፀሐይ ነፋስ» ስላቸው ቶሎ የሚታያቸው አውድማው ነው፤ አባታቸው ነፋስ ጠብቀው ጤፉን በላይዳ ሲያዘሩ፣ ገለባው ወደ አንድ ወገን ሲበን፣ ፍሬው እግራቸው ሥር ሲወርድ። አልፈርድባቸውም፤ ያሳሳታቸው ቃሉ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ የፀሐይ ነፋስን አየር አድርጎ ማሰብ። አየር ሳይሆን ከፀሐይ የሚፈልቁ ፕሮቶኖችና ኤሌክትሮኖች ጥቂት የሂሊየም አስኳል ይዘው የሚወርዱበት ጅረት ነው። በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ግን በጣም ስስ ነው። ጨረቃ አጠገብ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ውስጥ ብዙ ጊዜ 5 ያህል ፕሮቶን ቢገኝ ነው። አንዲት የጤፍ ገለባ እንኳ አያነሣም።

ስለዚህ በ1969 እ.ኤ.አ. አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ የተከለውን ባንዲራ ያወዛወዘው የፀሐይ ነፋስ ነው ማለትም ስህተት ነው። ጨርቁ ላይኛው ጠርዙ ላይ አግዳሚ ዘንግ ገብቶበት ነበር፤ የተወዛወዘውም ጠፈርተኞቹ ምሰሶውን ሲነካኩት ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ በዚያው ቀን ወደ ፀሐይ ዞሮ የተተከለው የአሉሚኒየም ስስ ወረቀት ነው። 77 ደቂቃ ቆሞ፣ ተጠቅልሎ ወደ ምድር መጣ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲመረመር ሂሊየምና ኒዮን ሰርጸውበት ተገኙ። ወረቀቱን አላወዛወዘውም፣ ውስጡ ገባ እንጂ። የጨረቃን አፈርም የሚያደርገው እንዲሁ ነው።

ሌላው፣ «ፀሐይ የመታው ነገር ይነጣል» ብሎ መገመት። ጓሮ የተሰጣ ነጠላ ይነጣል፤ የጨረቃ አፈር ግን በፀሐይ ነፋስና በጥቃቅን የጠፈር ድንጋዮች ሲመታ ይጠቁራል፣ ወደ ቀይም ያደላል። ምክንያቱ በአቧራው ቅንጣት ላይ የሚፈጠረው እጅግ ደቃቅ ብረት ነው። ታይኮ የሚባለው ጉድጓድ ደምቆ የሚታየን ከ100 ሚሊዮን ዓመት ብዙም ያልበለጠ፣ ለጨረቃ ገና ልጅ ስለሆነ ነው።

ጨረቃ ምንም መግነጢስ የላትም ማለትም ልክ አይደለም። እንደ ምድር ሁሉን የሚሸፍን ጋሻ የላትም፤ ቅርፊቷ ላይ ግን እዚህም እዚያም መግነጢሳዊ ቦታዎች አሉ። ራይነር ጋማ የተባለው ነጣ ያለ ጥምዝምዝ አንዱ ነው።

ስለ ውሃው ደግሞ፦ የሕንድ መንኮራኩር ቻንድራያን-1 ጨረቃ ላይ ያገኘችው የውሃ ምልክት በ2009 እ.ኤ.አ. ሲነገር፣ የፀሐይ ነፋስ ውሃ ተሸክሞ የሚሄድ የመሰላቸው ነበሩ። የሚያመጣው ሃይድሮጂን ነው፣ ፕሮቶን የሃይድሮጂን አስኳል ነውና፤ ያ ሃይድሮጂን በድንጋዩ ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ሃይድሮክሲል፣ ማለትም የአንድ ኦክስጅንና የአንድ ሃይድሮጂን ጥምረት፣ ይሆናል። ጣናን የሚመስል ነገር የለም።

በመጨረሻም፣ ነፋሱ ጨረቃን ያለ ዕረፍት ይመታታል ማለት። ሙሉ ስትሆን ከፀሐይ አንጻር ከምድር ጀርባ ናት፤ በየወሩ ለጥቂት ቀናት የምድር መግነጢሳዊ ጋሻ ከኋላዋ በተዘረጋው ጅራት ውስጥ ታልፋለች። ደጃችን በብርሃኗ ቀን የመሰለ ሌሊት፣ የፀሐይ ነፋስ በአብዛኛው አይደርስባትም።