ከተማው ሲዘጋ እድር ምን ይሥራ?

ጎንደር የኖረ ሰው ነገሩን በምልክት ያውቀዋል። ጠዋት የባጃጅ ድምፅ ይጠፋል። ፒያሳ ያሉት ሱቆች አይከፈቱም፣ በአዘዞ በኩል መንገድ ተዘጋ ይባላል፣ ዳታ የለም። በነሐሴ 2008 ከቤት ያለመውጣት አድማ ሲደረግ ከተማው ጭር ብሎ ነበር፤ ከነሐሴ 2015 በኋላ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ አየነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰፈር ውስጥ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ፖለቲካ አይደለም። የማን ቤት ዱቄት አለቀ? የማን ልጅ አልገባም?

ማን ትክክል ነው፣ ማን አጥፍቷል የሚለውን እዚህ አልነካውም (ለእሱ ቡና ላይ ተንታኝ ሞልቷል)። የምለው አንድ ነገር ነው፦ አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙ፣ ያላችሁን እድር አዘጋጁት። እድር የአባላት ዝርዝር አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ድንኳንና ድስት አለው፣ ሌሊት በር ቢያንኳኳ የሚከፈትለት ሰውም አለው። በግርግር መሃል የተፈጠረን ኮሚቴ ግን ግማሹ ይጠረጥረዋል፣ ግማሹ ልምራው ብሎ ይሻማበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ሰላም በሆነ ወር፣ በተለመደው የእድር ስብሰባ ላይ ነው። መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንቡን አውጡና አንብቡት። ብዙ ቦታ ገንዘቡ የሚወጣው ለቀብርና ለለቅሶ ብቻ ነው ይላል። "ለአስቸኳይ ችግር" የሚል አንድ አንቀጽ ጨምሩ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ያጽድቀው፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ይህን ካላደረጋችሁ በችግሩ ቀን ገንዘብ ያዧ "ደንቡ አይፈቅድልኝም" ትላለች፣ ልክም ናት። ከገንዘቡ ጥቂቱ በጥሬው ቤት ይቀመጥ፤ ባንክ ሲዘጋ ደብተር አይበላም። ዳታ ጠፍቶ ስልክ ከሠራ ግን ቴሌብር በ*127# እንደሚሠራ ለሽማግሌዎቹ አስቀድማችሁ አሳዩአቸው። መተግበሪያው ሲቆም ገንዘቡም የጠፋ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

ሰፈሩ ውስጥ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ እድር ለየብቻ ከሆነ የሁለቱ ሰብሳቢዎች ስልክ ይለዋወጡ፣ ቢቻል ደግሞ አንዴ አብረው ይቀመጡ። በሚያዝያ 2014 ቀብር ላይ የተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት ቀጥፎ፣ ንብረት አውድሞ እንዳለፈ ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን ዓይነት ቀን ላይ ስልክ ቁጥር መፈለግ ረፍዷል።

ቀጥሎ ዝርዝር ያዙ። አጭር ይሁን፣ አንድ ገጽ፣ አንድ ቅጂ። የቀን ሥራ ሠርቶ የሚበላ ማነው፣ ጀበና ቡና ሸጣ የምታድር ማናት፣ እርጉዝ አለች ወይ፣ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ አለ ወይ፣ ኢንሱሊን ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስደው ማነው። በቃ። ማን ሰልፍ ወጣ፣ ማን የማን ደጋፊ ነው የሚል ነገር እዚያ ወረቀት ላይ እንዳይጻፍ። ያ ወረቀት በማን እጅ እንደሚገባ አታውቁም።

እርዳታው ሲሰጥ አሰጣጡ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጎንደር ሰው ርቦት "ደህና ነኝ፣ ይመስገን" ይላል። ዱቄቱን በሰልፍ አታከፋፍሉ። የቅርብ ጎረቤት ሲመሽ ይዛ ትግባ፣ "እትዬ፣ እህል አስፈጭቼ ነበር፣ ይቺን ቅመሱልኝ" ብላ። ሽሮ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ክብሪት። ውሃ ደግሞ ለብቻው ነገር ነው፤ በደህናው ጊዜም ቧንቧችን በወረፋ ስለሆነ ውሃ በመጣ ቁጥር ጀሪካኑን ሁሉ መሙላት፣ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ውሃ አጋር የሚባለውን ማከሚያ ጠብ አድርጎ መጠበቅ። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። መድኃኒት የሚወስዱት የሁለት ሳምንት ትርፍ እንዲይዙ ካሁኑ ንገሯቸው። ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው፣ ግን መንገድ ሲዘጋ ላይደርስ ስለሚችል በሰፈሩ ያለች ነርስ ወይም አዋላጅ ማን እንደሆነች እወቁ።

አሁን ከባዱ ነገር። የሰፈር ልጅ ሲታሰር።

የመጀመሪያው ስህተት ወንዶቹ በቡድን ሆነው ጣቢያ መሄዳቸው ነው። ሁለት ሰው ይሂድ፣ ከሁለቱ አንዷ በዕድሜ የገፋች እናት ትሁን። ምሳ ዕቃና ጋቢ ይዛ። "ልጄ፣ ትናንት ማታ ከሰፈራችን የመጣ ልጅ ነበር፣ ምሳ ይዤለት ነው" ትበል ለጠባቂው። አትጩህ፣ አትከራከር። ምግቡን ከተቀበሏት ልጁ እዚያ አለ ማለት ሊሆን ይችላል፣ ባዶ ምሳ ዕቃ ብቻ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ማንም ሊበላው ይችላል። የሚታጠብ ልብሱን ይስጡኝ ትበል። የለበሰው ሸሚዝ ከወጣ ልጁ አለ። "እዚህ የለም" ካሏት የጠባቂውን ማዕረግና ሰዓቱን በልቧ ይዛ ወጥታ ታስጽፍ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጣቢያ። ምሳ ዕቃው ላይ የልጁን ስም በፕላስተር ለጥፉበት። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ሃምሳ ምሳ ዕቃ ደጃፍ ላይ ሲደረደር ታዩታላችሁ።

ሕጉን ደግሞ ያዙ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመጓዝ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር። ያለመናገር መብት አለው፣ እመን ተብሎ ሊገደድም አይችልም። አንቀጽ 21 ደግሞ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል፤ ንስሐ አባቱን ይዛችሁ መሄድ መብት ነው ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜም ከጠበቃው ይልቅ በሩ ለቄሱ ይከፈታል። 48 ሰዓቱ ካለፈ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 መሠረት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ይቀርባል። የጠበቃ ገንዘብ ከሌለ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ እዚያ ጠይቁ። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ማመልከት ይቻላል።

አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ግን ብዙው ይለወጣል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው ለስድስት ወር ነበር፣ ከዚያ አራት ወር ተጨመረበት። በዚያ ጊዜ 48 ሰዓቱ ሊታገድ ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ግን አይታገድም፤ የታሰረን ሰው ማሰቃየትና ኢሰብአዊ አያያዝ በአዋጅም ቢሆን ክልክል ነው። ስለዚህ ያኔ ትኩረታችሁ የት አለ፣ ጤናው እንዴት ነው የሚለው ላይ ይሁን።

ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን አየ። "አየሁ" እና "ሰማሁ" በተለያየ ዓምድ። የሰማነው ካየነው ጋር ከተቀላቀለ ዳኛውም ኮሚሽኑም ሁለቱንም ይጥላቸዋል።

ሰላማዊ ሰልፍ ማድረግ የሚፈልግ ካለ ያ የእድር ሥራ አይደለም፣ በግሌ እድሩ ከዚያ ይራቅ ባይ ነኝ፤ የሁሉም የሆነ ቤት የአንድ ወገን ባነር አይያዝ። ግለሰቦች ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 መብት ይሰጣቸዋል፣ አሠራሩም በአዋጅ ቁጥር 3/1983 አለ። ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማ አስተዳደሩ በጽሑፍ ይገለጻል፤ አስተዳደሩ ጊዜው ወይም ቦታው ይለወጥ ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይመልሳል። የገባበትን ቅጂ በማኅተም አስመልሱ። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከሆስፒታል 100 ሜትር መራቅም ግዴታ ነው፣ አርባ አራት ታቦት በሚባልለት ከተማ እንዲህ ያለ መንገድ ማግኘት ራሱ ትግል ነው። ሐምሌ 24 ቀን 2008 ከተማው በሰው ሲሞላ ማን ሜትር ለካ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ግን ወረቀቱ ኋላ ፍርድ ቤት ላይ ይጠቅማል።

ወሬ። እድሩ ሁለት ሰው ይመድብ፣ አንድ ወጣት፣ አንድ አዛውንት። "እገሌ ሰፈር ተቃጠለ" ሲባል እዚያ የሚኖር ዘመድ ይደወልለታል። ማረጋገጥ ካልተቻለ "አልተረጋገጠም" ይባላል እንጂ ወደ ቴሌግራም አይላክም። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሠራጨት ያስቀጣል፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ሰው ደግሞ ቅጣቱ ይከብድበታል። የሰው ፊት የሚታይበትን ቪዲዮም አትለጥፉ። እናንተ ጀግንነቱን ታያላችሁ፣ ሌላው ማንን እንደሚይዝ ይለይበታል።

ከተማው ሲከፈት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሂሳብ ይዘጋ። ስንት ዱቄት፣ ከማን ሱቅ፣ በስንት ተገዛ። የተቀባዮቹ ስም ግን አይነበብም፣ ቁጥራቸው ብቻ ይነገር። ጀሪካንና ድስት ለባለቤቱ ይመለስ፤ ሰው ብሩን ይረሳል፣ ድስቱን አይረሳም። የቀረው ገንዘብ ወደ አስቸኳይ ሂሳቡ ይግባና ስንት እንደጎደለ ታይቶ በየወሩ መዋጮ ላይ ጥቂት ብር ይጨመርበት።