ሲኤምኤል ያለባችሁ በድሬዳዋና በሐረር፦ እርስ በርስ መደጋገፍ እንዴት ይጀመራል?

ሲኤምኤል (ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ) በዓመት ከ100,000 ሰው በ1 ወይም በ2 ሰው ላይ የሚገኝ የደም ካንሰር ነው። ድሬዳዋና ሐረር ተደምረው እንኳ አዳራሽ የሚሞላ ሰው አይገኝም። ስለዚህ ሰው እስኪበዛ አትጠብቁ። ሁለት ሰው፣ ሁለት ስልክና አንድ ቋሚ የመደወያ ቀን ከተገኘ በቂ ነው።

ማጽናናት ጥሩ ነው፤ የመደጋገፉ ዋና ሥራ ግን ማንም ሰው ክኒኑን ሳይውጥ እንዳያድር ማድረግ ነው። ኢማቲኒብ (ግሊቬክ) የተባለው የሲኤምኤል ክኒን በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ ወዲህ በየቀኑ የሚወስዱና በሽታው በቁጥጥር ሥር የዋለላቸው ሰዎች ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ክኒኑ ሲቆራረጥ በሽታው ያንሰራራል፣ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል።

ሰው ማግኘት

ሐኪም ቤት የታካሚ ስም አይሰጥም፤ እናንተም አትጠይቁ። የራሳችሁን ቁጥር ትታችሁ የሚደውልላችሁን ጠብቁ። በሕይወት ፋና ወይም በድል ጮራ ሆስፒታል የክትትል ክፍሉን ነርስ ወይም የፋርማሲ ባለሙያ አነጋግሩና ትንሽ ወረቀት ስጡ፦ «እኔም ይህን ክኒን እወስዳለሁ። ማውራት ከፈለጉ ቅዳሜ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይደውሉ።» በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይጻፍ። «ካንሰር» የሚለው ቃል ግን አይግባበት። ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ይረሳል፣ ልብስ የሚያጥበው ሰው አውጥቶ ያነበዋል፣ ታማሚው ለማንም ያልነገረው ነገር በዚያው ቀን ሠፈር ይሰማል።

ለክትትል ጥቁር አንበሳ የሚመላለሱ የምሥራቅ ሰዎችም አሉ። ወረፋ ላይ «ከየት ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ከወረቀቱ ቀድሞ ሰው ያገናኛል።

የመጀመሪያው ስልክ

ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «እትዬ፣ አሁን ለማውራት ይመችዎታል? አጠገብዎ ሰው አለ?» ነው። ከተመቻቸው ሦስት ነገር ጠይቃችሁ ጻፉ። ቤት ውስጥ ሕመሙን ማን ያውቃል? ሌላ ሰው ስልኩን ቢያነሳ ማን ነኝ ልበል? ጽሑፍ ብልክ ችግር አለው? ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ስልክ ሦስት ሰው በሚጠቀምበት ቤት «ክኒኑን ወሰዱ?» የሚል መልእክት ብዙ ጣጣ ያመጣል። ቴሌግራም ላይ ቡድን የምትከፍቱ ከሆነ ስሙ «የቅዳሜ ቡና» ዓይነት ይሁን።

አዲስ የታመመ ሰው «ስንት ዓመት እኖራለሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ቁጥር አትጥሩ። እናንተ ስንት ዓመት እንደወሰዳችሁ ተናገሩ፤ የእሳቸውን ግን ሐኪማቸው የደም ውጤቱን አይቶ እንደሚነግራቸው አስረዱ። በሌላ ካንሰር የሞተ የጎረቤት ታሪክ በምንም መልኩ አይነሳ። «አይዞዎት» ማለትም ሰውየው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ከተባለ አፍ ያስይዛል።

ሳምንታዊው ስልክ

«ክኒኑን ይወስዳሉ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «በዚህ ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎት?» በሉ። ጥያቄው ማምለጡን እንደ ነውር ስለማያየው እውነቱ ይወጣል። በወር ከ3 ቀን በላይ የሚዘለል ከሆነ የሕክምናው ውጤት እንደሚበላሽ ይታወቃል፤ ስለዚህ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ነርስ እንዲደውሉ አግዙ። ያመለጠን ክኒን ለማካካስ በማግሥቱ ሁለት መዋጥ ግን የለም።

ከቁጥሩ ይልቅ ምክንያቱ ላይ ጊዜ ስጡ። እኛ አካባቢ ደጋግመው የሚነሱት እነዚህ ናቸው።

ጫት። ኢማቲኒብ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ ነው የሚዋጠው፤ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። ከበርጫ የተነሣ ሰው ደግሞ እራት አይበላም፣ ክኒኑንም «ነገ» ይለዋል። ጫት ተው ብሎ መከራከር ስልኩን ያዘጋል። ክኒኑ ወደ ቁርስ ወይም ወደ ምሳ እንዲዛወር ግን ሐኪሙን ጠይቁ ብትሉ ችግሩ ብዙ ጊዜ ይፈታል።

ጾም። በረመዳን ከአፍጥር ምግብ ጋር፣ በዐቢይ ጾም ከመጀመሪያው ማዕድ ጋር ይስማማል። የሰዓት ለውጡን ጾሙ ከመግባቱ በፊት በነበረው ቀጠሮ መናገር ነው።

ጠበልና ንግሥ። ጠበል የሚሄድን ሰው አትከልክሉ፤ ክኒኑን ይዞ እንዲሄድ ለምኑ። ለቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሚጓዝ ሰው ከአሰበው ቀን በላይ የሚበቃውን ይያዝ፤ በእነዚያ ቀናት መንገዱ ይጨናነቃል፣ መመለሻው አይታወቅም።

የዓይን እብጠት። ጠዋት ጠዋት የዓይን ቆብ ማበጥ የታወቀ የኢማቲኒብ ጠባይ ነው። ሰው «ሌሊት ስታለቅሺ አደርሽ?» እያለ ስለሚጠይቃት ሠርግ ሲደርስ ክኒኑን ለአራት አምስት ቀን የምታቆም ሴት ትኖራለች። ይህን ለሐኪም መናገር ያሳፍራል፤ ለሌላዋ ታማሚ ግን ይነገራል። የሚታከም ነገር መሆኑን ንገሯትና ለቀጠሮው ቀን በወረቀት እንድትጽፈው አድርጉ። ክብደት በጥቂት ቀን ውስጥ በብዙ ከጨመረ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

የድሬዳዋ ሙቀት። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የሙቀት ልክ አንብቡ፤ ብዙውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በታች ይላል። በግንቦትና በሰኔ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቁም ሣጥን ከዚያ ያልፋል። የሚሻለው ወለል አጠገብ ያለ፣ ፀሐይ የማያገኘው ጥላ ነው። ፍሪጅ ጀርባና ባጃጅ ውስጥ አይቀመጥ።

ማለቅ። 14 ቀን የሚበቃ ክኒን ሲቀር ለጓደኛ ይደወል፣ በዚያው ቀን ስለ ቀጠሮና ስለ ትራንስፖርት ይነጋገሩ። ሁለት ሳምንት የሚባለው መንገድ ሊዘጋ፣ በዓል ሊገባ፣ ቀጠሮ ሊዛወር ስለሚችል ነው። መድኃኒቱ በወኪል ይሰጥ እንደሆነ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

ድንበሩ

ክኒን አትበዳደሩ። ኢማቲኒብ ባለ 100ም ባለ 400 ሚሊግራምም አለ፤ አንዱ 400 ሲወስድ ሌላው ተቀንሶለት ወይም ተጨምሮለት ይሆናል። ወደ ኒሎቲኒብ (ሌላ የሲኤምኤል ክኒን) የተዛወረ ሰው ደግሞ ሕጉ ግልባጭ ነው፦ ከመዋጡ 2 ሰዓት በፊትና 1 ሰዓት በኋላ ምግብ አይነካም። «እኔ ከምሳ ጋር ነው የምወስደው» የሚለው ቅን ምክር እሱን ይጎዳዋል።

ሌላው የሚያደናግረው የሐኪም «አቁም» ነው። ነጭ የደም ሴል ወይም ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል) በጣም ሲወርድ ሐኪሙ ክኒኑን ለጊዜው ሊያስቆም ይችላል። ጓደኛችሁ «አቁም ተባልኩ» ሲላችሁ «በፍጹም እንዳታቆም» አትበሉ። «ማን አለህ? መቼ ትመለሳለህ? ለምርመራ ደም የምትሰጠው መቼ ነው?» በሉና ቀኑን ጻፉ። ያለ ሐኪም የቆመውና በሐኪም የቆመው የሚለዩት በእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

የቲቢ መድኃኒት የተጀመረለት ሰው ካለ ያንኑ ቀን ለካንሰር ሐኪሙ ይንገር፤ ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ኢማቲኒብን ደም ውስጥ ያሳንሰዋል። ማርገዝ የምታስብ ሴትም ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ ይህ በስልክ የሚወሰን አይደለም።

መገናኘት

በአካል ስትገናኙ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ይሻላል። ሙቀቱ አልበረታም፣ የጁምዓ ሶላትም የእሑድ ቅዳሴም አይነካም፣ በርጫው ገና ነው። ከሰዓት በኋላ ካደረጋችሁት ሴቶቹ ይቀራሉ። ድሬዳዋና ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚራራቁ አንዱን ወር እዚያ፣ አንዱን ወር እዚህ አድርጉ፤ የሐረማያና የአወዳይ ሰዎች መሃል ላይ ናቸው። የሆስፒታል ካፌ አትምረጡ፤ የሚያውቃችሁ ሰው የሚበዛበት እሱ ነው።

አንድ ሰው ከሦስት በላይ አይከታተል። ከዚያ ካለፈ ስልኩ ያጥራል፣ ደዋዩም ይዝላል።

ወዲያው ሐኪም ቤት የሚያስኬዱትን ሁሉም በስልኩ ይያዝ፦ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ የማይቆም የድድ ወይም የአፍንጫ ደም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ በግራ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር ጣፊያ ያለበት ቦታ ድንገት የሚመጣ ከባድ ሕመም። እነዚህ ከታዩ ቡድኑ ላይ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው። ጓደኛ የሚያደርገው ባጃጅ መጥራት፣ የክትትል ካርዱንና የክኒን ማሸጊያውን ማስያዝ፣ አብሮ መሄድ ነው።

ሁለት ሳምንታዊ ስልክ በተከታታይ ካልተነሳ ደግሞ መጀመሪያ ቀን ወደ ተጻፈው የቤተሰብ ሰው ደውሉ፤ ራሳችሁንም ያኔ በተስማማችሁበት ስም አስተዋውቁ።