ስለ ቅርጫት ኳስ አጀማመር የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ሲዘጋጅ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የልጆች መጻሕፍትን ረቂቅ በማረም ሥራዬ ላይ ስለ ቅርጫት ኳስ አጀማመር የሚተርኩ ጽሑፎች በየጊዜው ይደርሱኛል፤ አብዛኞቹም የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው። የጨዋታው ፈጣሪ ጄምስ ናይስሚዝ በመስኮት በረዶውን ሲመለከት ይቆያል፣ ድንገት ፊቱ ይበራል፣ በሚቀጥለው ገጽ ጨዋታው ተፈጥሮ ያልቃል። እንዲህ ያለውን ገጽ ባየሁ ቁጥር ትዕግሥቴ ያልቃል፤ ምክንያቱም ልጁ ሊያውቀው የሚጓጓው «እንዴት አሰበው?» የሚለውን ሲሆን፣ ደራሲው የዘለለው ይህንኑ ነው። ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ማሠልጠኛ ያስተምር ነበር፤ አለቃው ሉተር ጉሊክም ጂምናስቲክ ለሰለቻቸው ተማሪዎች የቤት ውስጥ ጨዋታ እንዲፈጥር የ14 ቀን ጊዜ ሰጠው። በመጀመሪያ የሜዳ ጨዋታዎችን ወደ አዳራሹ ቢያስገባም አልሆነለትም። ከዚያም ተጫዋቾች የሚላተሙት ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ለማስቆም መሆኑን አስተዋለና ይዞ መሮጥን ከለከለ። ግቡ መሬት ላይ ከሆነ ኳሱ በኃይል ስለሚወረወር፣ ከራስ በላይ ሰቀለው፤ ወደ ላይ አቅንቶ መወርወርን የሚጠይቅ እንዲሆን ያደረገውም በካናዳ በልጅነቱ የተጫወተውን፣ በድንጋይ ላይ የተቀመጠን ድንጋይ በውርወራ የመጣል ጨዋታ አስታውሶ ነው። እያንዳንዱን ችግር በቀኝ ገጽ ላይ አስቀምጡት፤ መፍትሔው ገጹ ሲገለጥ ይምጣ።

ቅርጫቱን ናይስሚዝ አስቦ እንደመረጠው መጻፍም የተለመደ ነው። እርሱ የጠየቀው ሣጥን ነበር፤ የሕንፃው ጠባቂ ያገኘለት ግን ሁለት የኮክ ቅርጫት ነው። ልጆችን የሚያስቀው ይህ ሆኖ ሳለ ለምን ይጠፋል?

ሠዓሊዎች ደግሞ የዛሬውን ሜዳ ይገለብጣሉ። አንድ ረቂቅ ላይ ጽሑፉ ኳሱን ለማውረድ መሰላል ማስፈለጉን ሲናገር፣ ከጎኑ ያለው ሥዕል ኳሱ በተከፈተ መረብ ወደ ታች ሲወድቅ ያሳይ ነበር። ልጅ ይህን ወዲያው ያያል። በመጀመሪያው ጨዋታ ቅርጫቶቹ ታቻቸው ያልተቀደደ፣ በሰገነቱ አጥር ላይ 10 ጫማ ያህል ከፍታ ላይ የተቸነከሩ ነበሩ፤ ኳሱ የእግር ኳስ፣ ቡድኖቹም 9 ለ 9 ነበሩ። ኳስ የያዘ ተጫዋች ከያዘበት ቦታ ይወረውራል እንጂ እያነጠረ አይሄድም። ከቅርጫቱ ጀርባ ያለው ሰሌዳ የመጣው ኋላ ነው፤ ሰገነት ላይ የነበሩ ተመልካቾች በኳሱ ጣልቃ እየገቡ ስላስቸገሩ።

ናይስሚዝ የጻፋቸውን 13 የመጀመሪያ ሕጎች በትረካው ውስጥ አትደርድሩ፤ በመጨረሻ ገጽ ይግቡ። ማንም ያልመዘገበውን ንግግር በትእምርተ ጥቅስ አታስቀምጡ። ሴቶችን አትርሱ፤ ሴንዳ በረንሰን በ1892 ጨዋታውን ለስሚዝ የሴቶች ኮሌጅ ተማሪዎቿ አስተምራለች።

መጨረሻውን በዛሬ ኮከብ ተጫዋቾች መሙላት መጽሐፉን በጥቂት ዓመታት ያስረጀዋል። ጨዋታው በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ ሲገባ ናይስሚዝ ራሱ ተገኝቶ አይቷል፤ ለመዝጊያ ገጽ ይህ ይበቃል።